ወይኑ ከቦርሳ ያልወጣበት ምሳ

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ተሳፋሪውን ቀስ በቀስ ልብሱን ያስወልቀዋል። አይከል ላይ በርዶኝ የደረብኩትን ሹራብ ቆላው ሲጀምር አወለቅኩና አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠቀለልኩበት። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብዬ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ስጦታ ነበር።

ጊዜው ኅዳር መጀመሪያ ነው። በግራና በቀኝ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ በየማሳው ቆሟል፤ የአገሬው ሰው ክምሩን ሂላ ይለዋል። የምሠራው ሰሊጥ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት የገበያ ክፍል ውስጥ ነው። ለዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ የማውቀውን የጎንደር ሰሊጥ ከነማሳው ያየሁት ያን ቀን ነበር።

ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ብዙዎች ሸህዲ ይሏታል። መንገዱ በኮኪት አልፎ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እስከወደቁባት መተማ ዮሐንስ ይዘልቃል። ከዚያ ማዶ የሱዳኗ ገላባት አለች። ድንበሩ ቅርብ መሆኑን ምላስ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ቁርሱ ፉል ነው፣ ቡናው ዝንጅብል አለበት።

ምሳ የጋበዙኝ የሥራ ባልደረባዬ እናት ናቸው። ካርቱም ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ምግብ ሲሠሩ ቆይተው፣ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በዚሁ በመተማ በኩል ተመለሱ። ያጠራቀሙት ዕቃ ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ስገባ መሬት ላይ ከአንዲት ሱዳናዊት ጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። እሷም በዚያው ሰሞን፣ በዚያው መንገድ የመጣች ናት። በመካከላቸው ትልቅ ድስትና የተቀቀለ ጥቅል ጎመን አለ።

“ነይ ልጄ፣ እጅሽን ታጠቢና አግዢን” አሉኝ እትዬ። “ማህሺ ነው።”

ማህሺ በዐረብኛ “የተሞላ” ማለት ነው። ቱርኮች ዶልማና ሳርማ ከሚሏቸው ምግቦች ጋር ይዛመዳል፤ በኦቶማን ግዛት የነበሩ አገሮች ሁሉ የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። ሱዳን ውስጥ ባዴንጃኑም፣ ቃሪያውም፣ ቲማቲሙም ይሞላል። ያን ቀን ግን ተራው የጎመን ነበር።

የመጀመሪያውን ቅጠል ሩዝ ጠቅጥቄ ጠቀለልኩት። ጎረቤትየዋ ከእጄ ወስዳ ፈታችውና ግማሹን ሩዝ መለሰችው። “ሹወያ፣ ሹወያ” አለችኝ። ትንሽ፣ ትንሽ። ሩዙ ሲበስል ያብጣል፤ ቅጠሉ ቦታ ከሌለው ይቀደዳል። እሷ እየተጫወተች ስትጠቀልል ሁሉም እንደ ጣት እኩል ይወጣሉ። ግን አላቆም አለች። ለአምስት ሰው ምሳ ድስቱ እስከ አፉ ሞላ።

“ሁልጊዜ እንዲህ ናት” አሉኝ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እቤቷ እያለች ለአሥራ ሁለት ሰው ነበር የምትሠራው። እጇ ቁጥሩን አልቀነሰም።”

የተረፈው በሳህን እየተከፈለ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ምግቡ ሲቀርብ ጠርሙሴን ላወጣ ወደ ቦርሳዬ ዘንበል አልኩ። እትዬ አይተው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። “ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ለኔ ግን ሌላ ቀን ነው። ዛሬ እሷ ከማዕዱ ላይ ናት።” ያኔ ነው ድስቱን ልብ ብዬ ያየሁት። ሥጋ አልገባበትም። ክርስቲያን ያረደውን እሷ አትበላም፤ እስላም ያረደውን እትዬ አይበሉም። ስለዚህ ሁለቱም የሚበሉትን ሠሩ። የትምህርት ቤት መምህሮቻችን “መጀመሪያ ደንበኛህን እወቅ” እያሉ አራት ዓመት ለፍተውብኛል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ወይን ስመርጥ ምግቡን እንጂ ማን እንደሚበላው አልጠየቅኩም።

የቀረበው መጠጥ ቀዝቃዛ ከርከዴ ነበር። ቀይ፣ ጎምዛዛ፣ ምላስን በጥቂቱ የሚይዝ። ከወይኑ የምጠብቀውን ሁሉ ሠራልኝ።

ለቤታችሁ

አንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን ውሰዱ። እምብርቱን በቢላ ጫፍ አውጡና ጨው ባለበት የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ቅጠሉ እየለሰለሰ ሲሄድ አንድ በአንድ ላጡት፤ ወፍራሙን የመሃል አጥንት ከርክማችሁ ድስቱ ሥር አንጥፉት፣ ከማረር ያድናል። አንድ ተኩል ኩባያ ሩዝ እጠቡና ከደቀቀ ሽንኩርት፣ ከተፈቀፈቀ ቲማቲም፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከእንስላል፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከጨውና ከዘይት ጋር በጥሬው ለውሱት። ጥቅሎቹን አጠጋግታችሁ ደርድሩ። የቲማቲም ድልህ በውሃ በጥብጡ፣ ሎሚ ጨምቁበት፣ ጥቅሎቹን እስኪሸፍን አፍስሱ። እንዳይፈቱ ሳህን ደፍታችሁ በቀዝቃዛ እሳት ከ40 እስከ 45 ደቂቃ አብስሉት፤ ከወረደ በኋላ አሥር ደቂቃ ይረፍ። እንዲህ ከተሠራ ለጾምም ይሆናል። ለፍስክ 300 ግራም ያህል የተፈጨ ሥጋ ሩዙ ላይ ጨምሩ።

ወይን በሚጠጣበት ቤት ምርጫውን የሚወስነው ጎመኑ ሳይሆን መረቁ ነው። ቲማቲምና ሎሚ ይጎመዝዛሉ፤ ታኒኑ የበዛ ደረቅ ቀይ ወይን ከእነሱ ጋር ሲገናኝ ይመራል። ሥጋ ለሌለው ማህሺ እንደ አዋሽ ክሪስታል ያለ ደረቅ ነጭ፣ ወይም ሮዜ ይስማማል። ሥጋ ሲገባበት ስቡ ታኒኑን ስለሚያለዝበው ለስለስ ያለ ቀይ ይችላል፤ ካስቴል ዝዋይ ላይ ካለው እርሻው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ የሚያቀርበው የሪፍት ቫሊ ሜርሎ አንዱ ነው። ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ካከላችሁ እንደ አካሺያ ያለ መካከለኛ ጣፋጭ ምረጡ፤ አልኮልና ታኒን ቃጠሎውን ያብሱታል፣ ጣፋጭነት ያበርደዋል። ለልጆችና ለሚነዳ ሰው ከርከዴውን ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት።

ቀይ ወይን “በክፍል ሙቀት ይቅረብ” ሲባል የገንዳ ውሃ ክፍል ማለት አይደለም። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በሞቃት አገር ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ። ነጩ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይቅረብ። የኔ ጠርሙስ መኪና ውስጥ ውሎ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ነበር። ስንከፍተው የተቀቀለ ፍሬ ይል ነበር። ጥፋቱ የወይኑ ሳይሆን የኔ ነው። ወደዚያ ለመጓዝ የምታስቡ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቁ።

ባለፈው እሑድ ማህሺ ሠርቼ ለእትዬ ስልክ ደወልኩ።

“ስንት ጠቀለልሽ?” አሉኝ።

“ሠላሳ።”

“ለስንት ሰው?”

“ለአራት።”

ሳቁ። ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አድርገው በዐረብኛ ለጎረቤታቸው ነገሯት። የእሷም ሳቅ ተሰማኝ። ከዚያ የተረፈውን ይዤ ወደ ጎረቤት ወጣሁ።