ኮምፒውተርና የእናቴ ተረት

ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ጅማ ወደሚገኘው ቤቴ ባስገባሁ ዕለት፣ ያስገባሁት አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግጥሞቼንና የተውኔት ረቂቆቼን በብዕር ስጽፍ ሥርዝ ድልዙ አሰልችቶኝ ስለ ነበር እፎይ አልሁ። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ ከመሣሪያው ፊት የምትገኘው የአሥር ዓመት ልጄ ሆነች። ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ቦርሳዋን ጥላ ትቀመጣለች፤ ራት ቀረበ ስትባል አትሰማም። የምትጫወተው ጨዋታ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው፣ ለሌላ ልጅ የተሠራ ነው። ብቆጣት አኮረፈች፤ ብከለክላት ተደብቃ ተጫወተች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋኝ። ይበልጥ ሐሳብ የሆነብኝ የአጋሮው ጉዳይ ነው። እናቴ የምትኖረው ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የቡና ከተማ በአጋሮ ነው። ቋንቋዋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋ ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። እኔ ደግሞ የአማርኛ ደራሲ ሆኜ ልጄን በአማርኛ አሳደግሁ። አንድ ጊዜ እናቴ ተውኔቴን ለማየት ጅማ መጥታ፣ ተመልካቹ ሲስቅ እየሳቀች፣ ሲያጨበጭብ እያጨበጨበች ካመሸች በኋላ፣ ወደ ቤት ስንመለስ «ለመሆኑ ምን ነበር ያሉት?» ብላ የጠየቀችኝን ከቶ አልረሳውም። አሁን ደግሞ አያትና የልጅ ልጅ ሰፌድ መካከላቸው አስቀምጠው ቡና ሲለቅሙ፣ ፈገግታ እንጂ ቃል አይለዋወጡም። ይህን ዝምታ የፈጠርሁት እኔው ራሴ መሆኔን አውቃለሁ።

ከዚህ ጭንቀት መውጫ መንገድ ያሳየኝ አንድ የቆየ ሐሳብ ነው። ሲሞር ፓፐርት የተባለው የሒሳብ ሊቅ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ካበጀ በኋላ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተሟገተለት ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ኮምፒውተሩ ልጁን ከሚያዝዘው ይልቅ ልጁ ኮምፒውተሩን ይዘዘው የሚል ነው። ከዚሁ ሐሳብ የተወለደውና በ2007 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ የቀረበው ስክራች የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ትእዛዞቹም በአማርኛ ሊነበቡ ይችላሉ። ልጁ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ቁራጮች እንደ ጡብ እየገጣጠመ ሥዕሎችን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅም ይሰጣቸዋል።

ልጆች መሣሪያውን ለመክፈት የእኛ እርዳታ እንደማያስፈልጋቸው በአገራችን ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶች በታሸጉ ሣጥኖች እንዳሉ ሲሰጧቸው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ የሙከራው መሪዎች ተናግረዋል። ልጆቹ ከመሣሪያው የተማሩት ግን የእንግሊዝኛን ፊደል ነበር። እንግዲህ ማብሪያውን ልጁ ራሱ ያገኘዋል፤ ከበራ በኋላ በውስጡ የማን ቋንቋ፣ የማንስ ተረት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ግን የወላጅ ነው።

ከልጄ ጋር የመጀመሪያ ሥራችን የፊደል ገበታ ሆነ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው፤ ሁ 4609። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ስለ ተመደበለት ለ 4616 ላይ ይውላል፤ ስምንተኛው ቦታ እንደ ሏና ሟ ላሉት ነው። ፓይቶን በሚባለው ቋንቋ ጥቂት መስመሮች ጽፈን፣ ከ4608 ጀምሮ ስምንት ስምንት እያለ እንዲደረድር ስናዝዘው፣ እኔ በልጅነቴ በዜማ የቆጠርሁት ገበታ በመስታወቱ ላይ ተዘረጋ። ልጄ ቈ ካለበት መስመር ላይ ባዶ ሣጥኖች አይታ «አባዬ፣ የእነዚህ ፊደሎች የት ሄዱ?» አለችኝ። ቈ ካዕብና ሳብዕ እንደሌለው ያን ዕለት አስተማርኋት፤ እርስዋም በማግስቱ አንድ ምስጢራዊ ጽሕፈት ፈለሰፈችልኝ። በእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ላይ ስምንት ስትጨምር ፊደሉ ወደ ጎረቤቱ ቤት ይሻገራል፤ «ቡና» «ቩኛ» ይሆናል። ሰምና ወርቅ ያስተማርኋት መስሎኝ ስኩራራ፣ ሰሙን ሰጥታ ወርቁን ስታስፈልገኝ ዋለች።

ይሁን እንጂ ይህ የእኔና የእርስዋ ጨዋታ ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ በጥር የትምህርት ዕረፍት ኮምፒውተሩን ተሸክመን አጋሮ ወረድን።

እዚያም ልጄ በስክራች መሶብ መሳል ጀመረች። ዘዴው ቀላል ነው፤ አንድ አራት ማዕዘን ይሳላል፣ ጥቂት ይዞራል፣ እንደገና ይሳላል፤ ይህም 36 ጊዜ ይደገማል። በግቢው የተሰጣውን ጀንፈል ስታገላብጥ የነበረችው እናቴ ቀረብ ብላ ተመለከተችና በጣትዋ አንዱን ወገን እያሳየች «እዚህ ጋ ስፌቱ ተደራርቧል» አለች። ተረጎምሁላት። ልጄ ትእዛዝዋን ብትመረምር፣ በየጊዜው 10 ዲግሪ ማዞር ሲገባት 11 ጽፋ ኖሯል። 36 ጊዜ 10 ልክ 360 ነው፤ ክቡ ይገጥማል። 11 ሲሆን ግን ያልፍና መስመሮቹ በአንድ ወገን ይጨናነቃሉ። ዕድሜዋን ሙሉ አክርማ ስትቆጥር የኖረች ሴት ስሕተቱን በዓይንዋ ብቻ አገኘችው። ልጄ ከዚያ በኋላ ለእርስዋ ሳታሳይ የጨረሰችው ሥዕል የለም።

ሦስተኛው ሥራ ተረት ነበር። እናቴ ኦዱ ዱሪ፣ የድሮ ወሬ የምትለውን እንድታወራና ልጄ ድምፅዋን ቀድታ ሥዕል እንድትሠራለት ተስማማን። እናቴ ግን «ተረት በቀን አይነገርም» ብላ እስኪመሽ አስጠበቀችን። ማታ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ ጦጣ ጅብን እንዴት እንዳሞኘችው ተረከች። ጅቡ በወንዝ በኩል ሄዶ ሲንቦጫረቅ ሁላችንም ሳቅን። ቅጂው ሳይቀመጥ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ያረጀ ነበርና ሁሉም አብሮ ጠፋ። ልጄ አለቀሰች።

በማግስቱ ማታ እናቴ ተረቱን ደገመችው፤ ጅቡ ግን በቡናው ደን ውስጥ አለፈ። እኔ፣ ተዋናይ አንዲት ቃል ሲለውጥብኝ የምቆጣው ጸሐፊ ተውኔት፣ «እማዬ፣ ትናንት እኮ በወንዝ በኩል ነበር!» አልኋት።

«ትናንት ወንዝ ገብቶ በርዶታል፤ ዛሬ ደግሞ ምን በወጣው!» ብላ ትረካዋን ቀጠለች።

ልጄ ይህን ስተረጉምላት ሳቀችና ዝም አለች። ቆይታም በስክራች ውስጥ ኮምፒውተሩ ከተሰጡት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ እንዲመርጥ የሚያዝዘውን ቁራጭ አወጣች። አንድ ከደረሰው ጅቡ በወንዝ፣ ሁለት ከደረሰው በደን፣ ሦስት ከደረሰው በመንደር እንዲሄድ አደረገች። እናቴም ለሦስቱ መንገዶች ሦስት መጨረሻ ተረከችላት። ለዚህ ሥራ ልጄ ወራቤሳ ጅብ፣ ቀመሌ ጦጣ፣ ለጋ ወንዝ መሆኑን መማር ግድ ሆነባት፤ አያትዋ «አኮ» ብላ ስትጠራት አፏን እያረመች ታስደግማታለች። በሦስተኛው ቀን እኔን አስተርጓሚውን የሚጠራኝ አልነበረም። ከበራፉ ተቀምጬ በውስጥ የሚሰማውን ሳቅ ሳዳምጥ፣ ደስታዬ ቅናት አላጣም።

ነገሩ ሁሉ ተቃና ማለቴ አይደለም። ልጄ ዛሬም የሰው አገር ጨዋታ ትጫወታለች፤ ኦሮምኛዋም ገና ስብርብር ያለ ነው። እኔም በሃያ ዓመት የድርሰት ሥራዬ ያልጻፍሁትን የእናቴን ተረት ያስቀመጠችው የአሥር ዓመት ልጅ መሆንዋ ሲያሳፍረኝ ይኖራል። ነገር ግን አንድ ነገር ተረዳሁ። ኮምፒውተር ትእዛዝ ካልተለወጠበት ያንኑ የሚደግም መሣሪያ ነው፤ በየማታው አዲስ የሚሆን ተረት ከአያት ጉሮሮ እንጂ ከእርሱ አይመነጭም። ልጅ መሣሪያውን ማዘዝ ሲጀምር የሚያዝዘውን ነገር መፈለጉ አይቀርም፤ የሚፈልገውም በቤት ውስጥ፣ በሰፌዱና በጀበናው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በየቤታችሁ ይህን መሣሪያ ያስገባችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከልጆቻችሁ አትቀሙ፤ ከአያቶቻቸው መካከል አስቀምጡት።

እናቴ አሁን ስልክ ስትደውል የምትጠይቀው እኔን አይደለም። ልጄን አስጠርታ «ወራቤሳው ዛሬ በየት ሄደ?» ትላታለች። ልጄም ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ አይታ፣ በኦሮምኛ ትመልስላታለች።