ከመርፌ ወደ ብሩሽ

ቁርጥማት ጣት ሲይዝ ቀድሞ የሚያጣላው ከመርፌ ጋር ነው። ቀጭን ነገር ቆንጥጦ መያዝ የአውራ ጣትን ሥር ያሳምማላ!

ይህን አሜሪካዊቷ ገበሬ አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ በእጃቸው አይተውታል። ባላቸው ካረፉ በኋላ ኒውዮርክ፣ ኢግል ብሪጅ መንደር ተቀምጠው በሱፍ ክር ሥዕል ይጠልፉ ነበር። ቁርጥማቱ ሲጠናባቸው እህታቸው ቀለም ቢሞክሩ እንደሚቀላቸው መከሯቸው።

ሞከሩ። ያኔ ወደ ሰማንያው እየተጠጉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ ሥዕል ሰብሳቢ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ሥራዎቻቸውን አይቶ የተገኘውን ሁሉ ገዛ። የአንዱ ዋጋ ከ3 እስከ 5 ዶላር ነበር።

“ግራንድማ ሞዝስ” (ሞዝስ አያት) በሚል ስም የታወቁት እኚህ ሴት በ1961፣ በ101 ዓመታቸው ሲያርፉ ከ1,500 በላይ ሥዕሎች ትተዋል። በ1950 የሳሉት አንዱ፣ ሰዎች ተሰብስበው የጨርቅ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ በእጅ ሲሰፉ ያሳያል።