መሬት ለቆፋሪው

በአንድ ግቢ አትክልትና ውሻ አብሮ ማኖር፣ ሁለት ባላባቶችን በአንድ ርስት ላይ እንደ ማስፈር ነው። አንዱ የተከለውን ሌላው ይነቅላል፤ አንዱ ያለሰለሰውን ሌላው ያገላብጠዋል። አበው «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲሉ ያሰቡት የውጭውን አጥር ነው። አጥር ጠባቂው ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ ጎመን የቆፈረ እንደሆነ ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም።

በእኛ ግቢ ሁለቱም ባላባቶች አሉ። አትክልቱ የእናቴ ነው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ሦስት መደብ ጎመን፣ ከውጭው በር አጠገብም አንዲት ቀይ ጽጌረዳ። ውሻው የአባቴ ነበር። በካርቶን ይዞት መጥቶ፣ በጡጦ ወተት እያጠጣ ያሳደገው እሱ ነው። ስሙም እንደ ከተማችን ውሾች እኩሌታ ቡቺ ነው።

አባቴ ያረፈው በጥቅምት ነበር፤ ቡቺ መቆፈር የጀመረው በጥር። ጠዋት ስንነሣ በሶብላው ከነሥሩ ወጥቶ፣ ጎመኑ ተጋድሞ፣ የጽጌረዳዋ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ እናገኛለን። እናቴ ከሐዘን ፍራሽ ተነሥታ መጀመሪያ የወጣችው ወደዚያ አትክልት ነበርና፣ የተነቀለውን በየጠዋቱ መልሳ ስትተክል ማየት ይከብድ ነበር።

መካሪ አልጠፋም። የጎረቤታችን ዘበኛ፣ «እትዬ፣ ሚጥሚጣ ይበትኑበት፤ አፍንጫው ሲቃጠል ይተዋል» አሏት። የዕድር ጓደኛዋ እሾህ እንድትጎዘጉዝ መከረቻት። ታላቅ ወንድሜ ግን ነገሩን ባጭሩ ሊቆርጠው ፈለገ፤ «እማዬ፣ ከከተማ ወጣ አድርጌ ልልቀቀው። አንቺም ትረፊ፣ አትክልቱም ይትረፍ» አላት። እናቴ መኮትኮቻዋን እንደ ያዘች ቀና ብላ፣ «አባትህ በጡጦ ያሳደገውን?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወንድሜም እስከ ፋሲካ ታገሠ፤ ከዚያ በኋላ እንደማይታገሥ ግን ነግሮን ሄደ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ውሻ ለምን ይቆፍራል? በባሌ ተራሮች፣ በሳነቴ አምባ የሚኖረው የውሻ ዘመድ ቀይ ቀበሮ እንጀራው ፍልፈል ነው። አድብቶ ይጠብቃል፤ ሲያመልጠው ጉድጓዱን ይቆፍራል፤ የተረፈውንም አፈር አልብሶ ለነገ ያኖራል። በአውሮፓም ሰዎች ራሳቸው አውሬን ከጉድጓዱ የሚያወጡ ውሾችን መርጠው አራብተዋል፤ ቴሪየር የሚባሉት ውሾች ስም የመጣው «መሬት» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። እንዲህ ካለ ዘር የመጣን ፍጡር ተነሥቶ «ተው» ማለት፣ ከእሱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቅድመ አያቶቹ ጋር መሟገት ነው። ሚጥሚጣውም ቢሆን የሚደርሰው እስከ አፍንጫው ነው፤ ምክንያቱ ጋ አይደርስም።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ጉድጓዶቹን በደብተር መዘገብሁ። ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው።

በኮክ ዛፉ ሥር ያለው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ የሚቆፈረውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሰንሰለቱ በረዘመለት ቀን ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ሆዱን የሚያሳርፍበት ቀዝቃዛ አፈር ይሻል። በጎመኑ መደብ ላይ ያለው ጭረት ፍግ የገባበትና ውኃ የጠጣበት ቀን ይበዛል፤ በበጋ በደረቀ ግቢ ውስጥ ለስልሶ የሚሸተው እሱ ብቻ ነውና። የበሶብላው ጉድጓድ ግን የቤታችንን የቀን መቁጠሪያ የተከተለ ነበር። በገናና በጥምቀት አጥንት ሲትረፈረፍ ቡቺ ይቀብራል፤ ሁዳዴ ሲገባ፣ ቤቱ ለ55 ቀን ሽሮና ጎመን ሲሆን፣ የቀበረውን ፍለጋ ይወጣል። ውሻችን ሳይጠይቁት ከእኛ ጋር የሚጾም ነበርና፣ ጎተራውን ቢከፍት ማን ይፈርድበታል?

አራተኛው ጉድጓድ ከጽጌረዳዋ ሥር፣ በውጭው በር ግርጌ ነበር። ጠባብ፣ ጥልቅ፣ ወደ መንገዱ የሚያመራ። ሁልጊዜም የሚቆፈረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ የሌሊት ጥበቃው አብቅቶ ሰንሰለቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ሰዓቱን በደብተሬ ላይ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የበራልኝ። አባቴ ቡቺን ይዞ ለእግር ጉዞ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። አባቴ ባይመጣም ሰዓቱ መምጣቱን አላቆመም።

ከዚያ በኋላ ለየጉድጓዱ የየራሱን መልስ ሰጠን። የኮክ ዛፉን ጥላ ተውንለት። በጎመኑ መደብ ላይ የዶሮ ሽቦ ዘርግተን ስስ አፈር አለበስነው፤ ቡቃያው በቀዳዳው ይወጣል፣ መዳፍ ግን አይገባበትም። በጽጌረዳዋ ዙሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍን። ካለፈ በኋላ መቆጣትን ደግሞ ከቤታችን አስወጣን። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናት እንዳሳየው፣ ውሻ ያንን «አጥፍቻለሁ» የሚል የሚመስል ፊት የሚያሳየው ባለቤቱ ሲቆጣው ነው፤ ምንም ያላጠፋውም ሲቆጡት ያንኑ ፊት ያሳያል። ጠዋት የተቆጡት ውሻ የሚያነበው የእኛን ፊት እንጂ የሌሊቱን ጉድጓድ አይደለም። መዳፉ አፈሩን ሲነካ ያየን እንደሆነ ግን በስሙ ጠርተን ወደ ሌላ ቦታ እንወስደዋለን።

ሌላ ቦታ ያልሁት፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ የፈሰሰበት የጓሮ ጥግ ነው። በድንጋይ ከለልነው፤ በየማታው ከመፈታቱ በፊትም ቁራሽ ዳቦ ወይም ከሥጋ ቤት የተለመነ አጥንት እንቀብርለታለን። ይህን ሐሳብ ስነግራት እናቴ ሳቀች፤ ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሲወጡ ሕፃን ነበረች፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ሰልፍ የወጣች ወጣት ናት። «ለአራሹ ከተባለ፣» አለች፣ «ለቆፋሪውማ እንዴት ይከለከላል?»

ቡቺ ርስቱን ባንድ ቀን አልተረከበም። መጀመሪያ ሰሞን አሸዋውን አሽትቶ ወደ በሶብላው ይመለስ ነበር፤ ሳምንት በሳምንት ግን እግሩ ወደ ጥጉ አዘነበለ። ወንድሜ በፋሲካ መጣ፤ በበሶብላው መደብ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ምንም አላለም። ምሳ ሲያበቃ የጎድን አጥንቱን ይዞ ወደ አሸዋው ጥግ ሲሄድ አየሁት።

የአራተኛው ጉድጓድ መልስ የደረሰው ለእኔ ነው። በየጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቡቺን ይዤ እወጣለሁ። ይዤው እላለሁ እንጂ የሚመራው እሱ ነው። ከበር ወጥቶ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይቆማል፤ አንድ ሊስትሮ ገና ሳጥኑን ሳይከፍት በስሙ ይጠራዋል። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ከጽድ ዛፉ ግርጌ ካለው ድንጋይ አጠገብ ሄዶ ይተኛል፤ አንድ ሽማግሌ ትንፋሹን እስኪሰበስብ የሚፈጀውን ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ማንም ሳይነግረው ይነሣል። አባቴ የት የት ይሄድ እንደነበር አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም ነበር።

ስንመለስ እናቴ ጎመኗን እያጠጣች፣ «ዛሬስ የት የት አቆመህ?» ትለኛለች። አንድ በአንድ እነግራታለሁ።