ቮልሷ ለምን ታነክሳለች?

አንባቢ ሆይ፥ ጭራሽ የማይነሣ መኪና መካኒክን ብዙ አያስቸግረውም፤ የተበላሸው ዕቃ ቆሞ ይጠብቀዋልና። የሚያስጨንቀው አንዳንዴ ደኅና፥ አንዳንዴ አንካሳ የሚሆነው ነው። ሐኪም ፊት ሲደርስ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው፥ ጋራዥ ሲገባ ሞተሩ ያለ እንከን ይዞራል፤ ከበሩ ወጥቶ አንድ ዳገት ሲጀምር ግን እንደገና ይቆርጣል። እንዲህ ያለውን ሕመም ለመያዝ መኪናውን ከማቆም መንዳት ይሻላል። ለዚህም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና፥ ከዚያም ወደ ከምባታ ከተሞች የሚወስደውን መንገድ የመሰለ መመርመሪያ አላየሁም፤ ሜዳው፥ ዳገቱ፥ ጉሙና ጠመዝማዛው በየተራ ይመጣሉና።

ጓደኛዬ የዱራሜ ተወላጅ ሲሆን በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ነው። ዕቁብ በደረሰው ጊዜ በዕድሜ የምትበልጠውን አንዲት ቮልስዋገን ገዛ። ይህች ጐባጣ መኪና ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም፤ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ላይ ከፋብሪካ ወጣች። የእርሱዋ ታዲያ ጥቂት ወራት እንዳገለገለችው በጉዞ ላይ ድንገት ትቆርጥ ጀመር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ አራቱን ካንዴላ ለወጠ፤ ቦቢናውን ለወጠ፤ ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አጠበ። በመጨረሻም «ሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቩ ተቃጥሏል፤ ሞተሩ ይውረድ» ተባለ። ሞተር ማውረድ ማለት ለጓደኛዬ የብዙ ወር ደመወዙን ማስረከብ ነበር፤ መስቀል ደግሞ ደርሷል።

ይህን በዓል ሐዲያው ያሆዴ፥ ከምባታው መሳላ ይለዋል። ሴቶች ቅቤውን በማኅበር ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ ወንዶች ለሰንጋው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የትም የተበተነ ልጅ ወደ እናቱ ደጅ ይመለሳል። በዚያ አገር ለመስቀል ከቤት መቅረት በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መንገዱም በዚያ ሰሞን በአውቶቡስና በጭነት መኪና ይሞላል። ከጭነት መኪና ጎን ወጥተው ሊቀድሙ ሲሉ ሞተሩ ቢቆርጥብዎ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ መንገር አያሻኝም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብለን ተነሣን። የማስተምረው ፊዚክስ ነውና አንድ ደብተር ይዤ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ሥራዬ ሞተሩ በቆረጠ ቁጥር ቦታውን፥ የአየሩን ሁኔታ፥ የሞተሩን ሙቀትና የሹፌሩ እግር በነዳጅ መስጫው ላይ ምን ያደርግ እንደነበር መጻፍ ነው። እርስዎም መኪናዎ እንዲህ ቢያስቸግርዎ አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያድርጉ፤ ደብተር ከቦቢና ይረክሳል።

የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጢያ ስንቃረብ ጉም ወረደ። የጢያን ትክል ድንጋዮች፥ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን፥ ያየናቸው እንደ ጥላ ነው። ጉሙ ግን ለእኛ ጠቀመን። ወደ ካንዴላ የሚሄዱት ወፋፍራም ሽቦዎች ልባሳቸው ከተሰነጠቀ እርጥበት ሲነካቸው እሳቱ መንገዱን ስቶ ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል፤ በጨለማ ክዳኑን ከፍቶ የተመለከተ ሰው ሰማያዊውን ብልጭታ በዓይኑ ያየዋል። የእኛ መኪና በጉሙ ውስጥ ከወትሮው የባሰ ነገር አላሳየችም፤ ስለዚህ ሽቦዎቹን ከተጠርጣሪነት ሰረዝናቸው።

ቡኢ ላይ ቆመን የቤንዚን ታንኩን ክዳን ከፈትን። የታንኩ መተንፈሻ ሲደፈን ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ መውረድ ያቅተዋል፤ መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ደኅና ሄዶ ይደክማል፥ ክዳኑ ሲከፈት ይድናል። ከፍተን ብንነዳትም ቆረጠች። ቡታጅራ ላይ፥ የጉራጌ ተራሮች በስተምዕራብ ግልጥ ብለው እየታዩ፥ ካንዴላዎቹን አወጣን። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የእኛዎቹ ግን ደረቅ ቡናማ ነበሩ፤ ይህም የደኅና ቃጠሎ ቀለም ነው። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ የካንዴላ ሽቦዎቹን በደረቅ ወፍራም ጨርቅ ይዘን አንድ በአንድ ነቅለን መለስን። አንዱ ሲሊንደር ሰነፍ ቢሆን ኖሮ የእርሱ ሽቦ ሲነቀል በሞተሩ ላይ ለውጥ አይታይም ነበር፤ አራቱም እኩል ይሠሩ ነበር። (አዲስ መኪና ያለዎት ይህን አይሞክሩት፤ የእሳቱ ኃይል ብርቱ ነው፥ ኮምፒዩተሩንም ሊጎዳ ይችላል።)

የቫልቩም ነገር በዚሁ አበቃ። እርግጥ ነው፥ በቀድሞዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር ንፋስ ስለሚጋርድ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ጋራዡ ያንን ማሰቡ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ነገር ግን የተቃጠለ ቫልቭ ጧት ተቃጥሎ ማታ አይድንም።

ከቡታጅራ እስከ ወራቤ ባለው ቀና መንገድ የጓደኛዬ እግር ሳይነቃነቅ ነዳን፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆረጠችም። ከወራቤ ወዲያ ኮረብታው ሲመጣና እግሩ ጫን ለቀቅ ማለት ሲጀምር እንደገና ጀመራት። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥሁ። የቆረጠችው ዳገት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ቁልቁለትም ላይ ነበር። ሁልጊዜ ግን እግሩ ሲጫን ወይም ሲነሣ ነበር።

ሆሳዕና ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ይህች ከተማ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ስሙ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ላይ ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። በየመንገዱ ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ከአዳዲሶቹ ፎቆችም ብዙዎቹ ደቡብ አፍሪካ የሄዱት ልጆች በላኩት ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። በማግሥቱ ጧት ሰው ጠይቀን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን።

ጓደኛዬ «ጋሼ፥ ቦቢናው አዲስ ነው፤ ካንዴላውም አዲስ ነው» ብሎ ሲጀምር ሽማግሌው እጃቸውን እየጠረጉ «አዲስነቱን አልጠየቅሁህም ልጄ። የምትቆርጠው መቼ ነው?» አሉት። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ገጽ ካነበቡ በኋላ ወደ ካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለውን ክፍል፥ ዲስትሪቢዩተሩን፥ ተመለከቱ።

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳዎ። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፑንቲና የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ብረቶች እየተነካኩ ሲላቀቁ እሳቱ ይፈጠራል። እነርሱ የተቀመጡበት ሰሌዳ በእግርዎ ግፊት መጠን ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ ሞተሩ አየር ሲምግ በቀጭን ቱቦ አድርጎ ይጐትተዋልና። ከፑንቲናው ጋር የተያያዘች አንዲት ቀጭን ሽቦም ሰሌዳው በዞረ ቁጥር አብራ ትታጠፋለች። ለብዙ ዓመት ስትታጠፍ የኖረች ሽቦ ልባሷ ደኅና ሆኖ ውስጧ ይበጠሳል። የተበጠሱት ጫፎች ሲገናኙ መኪናው ጤነኛ ነው፤ ሰሌዳው ሲዞር ይላቀቁና እሳቱ ይጠፋል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በዝግታ በሚዞር ሞተር ላይ ሰሌዳው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ሕመሙም አይታይም።

ሽማግሌው ሞተሩን አስነሥተው ቀጭኑን ቱቦ ከካርቡራተሩ ነቀሉና በአፋቸው ሳቡት። በደኅና መኪና ላይ ይህን ቢያደርጉ ሞተሩ ፍጥነት ይጨምራል። ቮልሷ ግን ተንገጫግጫ ልትጠፋ ሆነች፤ ሲለቁት ተስተካከለች። ደግመው ሳቡ፥ ደግማ አነከሰች። ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት የሳቀውን ሳቅ ባለ ጋራዡ ቢሰማው ደስ አይለውም ነበር። ሽማግሌው ከብዙ ቀጫጭን ክር የተገመደ ለስላሳ ሽቦ መርጠው እርሳስ አቅልጠው ገጠሙ፤ ድርቅ ያለ ሽቦ ቢሆን በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና ይበጠሳል አሉን። እኛ በዚያው ሰፈር በቡላ፥ በወተትና በቅቤ የሚሠራውን አታካና እየበላን ጠበቅናቸው። የተቀበሉን ዋጋ ከምሳችን አይበልጥም።

ከእጃቸው ሥር ከተማሩት ልጆች አብዛኞቹ አሁን ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የቀረው አንዱ ልጅ ፑንቲና አይወድም፤ ቪትዝ ላይ በኮምፒዩተር ይሠራል። በዚያ ዓይነት መኪና ፑንቲናም ዲስትሪቢዩተርም የለም፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና አለው፥ የቆረጠውንም ሲሊንደር ቁጥር ኮምፒዩተሩ ይመዘግባል። ልጁ ሁለተኛ ሲሊንደር ቆረጠ የሚል ሲያነብ አዲስ ቦቢና አያስገዛም፤ የሁለተኛውን ከሦስተኛው ያቀያይራል። ቁጥሩ ወደ ሦስት ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው፤ ካልተዛወረ ካንዴላውንና ሌላውን ይመለከታል። ሽማግሌው ይህን ሲሠራ ቆመው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንጋጫና ወደ ዱራሜ አመራን። እንሰቱ በየደጁ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ዝናቡ ያጠበው ቅጠል ያብረቀርቃል። ጓደኛዬ ሆን ብሎ እግሩን ይጭናል፥ ይለቃል፥ ይጭናል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የአምባሪቾ ተራራ ከፊታችን ብቅ ሲል ወደ ጫፉ የሚያወጡትን 777 ደረጃዎች በልጅነቱ እንዳልነበሩና ያኔ በሣሩ ላይ ይወጡ እንደነበር እየነገረኝ ነዳ። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባለው የደብተሬ ገጽ ላይ የተጻፈው ይህ የደረጃዎቹ ቁጥር ብቻ ነው።