የመድፈኞቹ አዲስ ቤት

ሰኞ ጧት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ የእንግሊዝ አገር ኳስ እንደ ሆነ፣ አንባቢዬ፣ ለርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በቅዳሜው ጨዋታ ስለ ባከነው ፍጹም ቅጣት ምት ሲከራከር፣ ማመልከቻውን ይዞ የቆመው ባለጕዳይ ራሱ መካከል ገብቶ ይፈርዳል። የተጫዋቾቹን ዕድሜ፣ የተገዙበትን ዋጋ፣ የጕልበታቸውን ሕመም ሳይቀር የሚያውቅ ሰው በያለበት ሞልቷል። ነገር ግን ያ ሁሉ ጨዋታ የሚደረግበት ቤት በምን ገንዘብ እንደ ተሠራና ዕዳውን ማን እንደ ከፈለ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ለአጭር የመምህራን ትምህርት ለንደን በነበርሁበት ጊዜ ሁለት ቀን ለዚሁ ጕዳይ መድቤ የአርሰናልን ስታዲየም ጐብኝቻለሁ። የሌላ ቡድን ደጋፊ የሆኑ አንባቢዎች ገጹን ገልብጠው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አርሰናል ማለት የጦር መሣሪያ የሚሠራበትና የሚከማችበት ቦታ ማለት ነው። ቡድኑን በ1886 ያቋቋሙት ከቴምስ ወንዝ በስተደቡብ፣ ዉሊች በሚባለው ሰፈር፣ በመንግሥቱ የመሣሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። የእኛ ጋዜጠኞች «መድፈኞቹ» የሚሏቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1913 ወንዙን ተሻግረው ወደ ሰሜን ለንደን መጡና ሃይበሪ በተባለው ሰፈር ሜዳ ሠርተው 93 ዓመት ተቀመጡበት።

ለመጐብኘት የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ በቀጥታ ወደ አዲሱ ሕንፃ ያመራሉ። እርስዎ ግን እንዲህ አያድርጉ። ፒካዲሊ በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍረው «አርሰናል» ከተባለው ጣቢያ ይውረዱ። የጣቢያው የቀድሞ ስም ጊሌስፒ ሮድ ነበረ፤ በ1925 አሠልጣኝ ሆኖ የመጣው ኸርበርት ቻፕማን ባለሥልጣኖቹን ወትውቶ በ1932 በቡድኑ ስም አስለወጠው። የድሮው ስም ግን በባቡሩ መቆሚያ ግድግዳ ላይ በሸክላ ንጣፍ እንደ ተጻፈ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚያ ወደ ውጭ የሚያወጣው መተላለፊያ ረጅም ዳገት ሲሆን፣ በጨዋታ ቀን ገቢውና ወጪው ሕዝብ እንዳይጋፋ በአጥር ተከፍሏል። እንጦጦን የለመደ እግር በዚህ ዳገት አይቸገርም፤ የለንደን ሰዎች ግን ሲያለከልኩ አይቻለሁ።

ከጣቢያው ሲወጡ የሚያገኙት ሰፈር ስታዲየም ያለበት አይመስልም። ጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል፤ በየደጁ የቍሻሻ በርሜልና ቢስክሌት አለ። ጥቂት ዞር ሲሉ በቤቶቹ መካከል በ1936 የተሠራው የምሥራቁ ተመልካች ሕንፃ ነጭ ግንባሩን ይዞ ብቅ ይላል። ቅርስ ተብሎ ስለ ተመዘገበ አልፈረሰም። ከበስተኋላው ግን ሜዳ የለም። ተመልካች ይቀመጥበት የነበረው ዙሪያ ከ600 በላይ መኖሪያ ቤቶች ሆኗል፤ ሣሩ የነበረበት ደግሞ የነዋሪዎቹ አትክልት ቦታ ነው። ግቢው የሰው መኖሪያ ስለ ሆነ በአጥሩ በኩል አይቶ ማለፍ ይገባል። እኔ በቆምሁበት ሰዓት አንዲት ሴት የገበያ ዕቃዋን በሁለት እጇ አንጠልጥላ፣ ግብ ጠባቂ ይቆምበት ይሆናል ብዬ በገመትሁት በኩል አልፋ ወደ ቤቷ ገባች።

በዚያ ሜዳ የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው ሜይ 7 ቀን 2006 ነው። ዊጋንን 4 ለ 2 ሲያሸንፉ ቴሪ ሄንሪ ሦስቱን ግብ አግብቶ፣ ተንበርክኮ ሣሩን ሳመ። 4 ለ 2 የሚለውን ውጤት ስጽፍ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል፤ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በዚሁ ቍጥር ነበረ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። እነሱ አሮጌውን ቤት የለቀቁት አዲሱን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ሲሆን፣ የእኛ ብሔራዊ ቡድን ግን በ2021 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን «አይበቁም» ብሎ ከከለከለ በኋላ ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገዷል። ስለዚህ ስታዲየም በምን እንደሚሠራ ማወቅ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይመስለኝም።

ሃይበሪን ያን ያህል ይወዱት ከነበረ ለምን ለቀቁት? መልሱ የሚጀምረው ከሌላ ከተማ ነው። በ1989 በሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ በሚባለው ስታዲየም በተፈጠረው መጨናነቅ 97 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝ የትልልቆቹ ቡድኖች ስታዲየም ሁሉ ቁሞ ማየት ቀርቶ በወንበር ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። በ1935 ከ73,000 በላይ ሰው ቁሞ ያየበት ሃይበሪ፣ ወንበር ሲደረደርበት ወደ 38,000 ወረደ። ለማስፋትም ዙሪያውን የሰው ቤት ከቦታል፤ የምሥራቁም ሕንፃ ቅርስ ነው። የሰው ሕይወት ለማዳን የወጣ ደንብ ቦታውን አጠበበ፤ የቦታው ጥበት አዲስ ሕንፃ አስፈለገ፤ አዲሱ ሕንፃ ደግሞ ዕዳ አመጣ።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ቦታው ቀድሞ የቍሻሻ ማከማቻና የትንንሽ ፋብሪካዎች ሰፈር ሲሆን፣ በሁለት የባቡር ሐዲዶች መካከል እንደ ሽብልቅ የገባ መሬት ነው። በአንደኛው ወገን ለመግባት ከሐዲዱ በላይ በተሠሩ ድልድዮች መሻገር ግድ ነው። ድልድዩ ላይ ሲወጡ ሕንፃው ድንገት ፊት ለፊትዎ ይገተራል። ብርጭቆና ብረት ነው። ከላይ ሲታይ ክብ ቢመስልም ጠርዙ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ይላል፤ በማዕዘኖቹ ዝቅ ያለው ነፋስ ገብቶ ሣሩን እንዲያናፍሰው ነው። 60,704 ሰው ይይዛል። የወጣበት ገንዘብ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 260 ሚሊዮኑ ከባንኮች የተበደሩት ነው። የኤምሬትስ አየር መንገድ በ2004 ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ የስታዲየሙን ስምና የማልያውን ደረት ወሰደ። በአውሮፓ ውድድር ጊዜ ግን የኩባንያ ስም ስለማይፈቀድ ያው ሕንፃ «የአርሰናል ስታዲየም» ይባላል፤ ሁለት ስም ያለው ቤት ማለት ነው።

እንግዲህ ዕዳውን ማን ከፈለው? በወረቀት ላይ ቡድኑ ነው። ነገሩን ግን በደጋፊ ዓይን ይመልከቱት። በ2003 እና በ2004 መካከል በተደረገው ውድድር 38 ጨዋታ ተጫውተው 26ቱን አሸንፈው፣ 12ቱን አቻ ወጥተው፣ አንድም ሳይሸነፉ ዋንጫ ያነሡ ሰዎች ናቸው። አዲሱ ቤት ከተመረቀ በኋላ ገንዘቡ በቍጠባ ይወጣ ጀመር። ሄንሪ በ2007 ሄደ። ፋብሪጋስና ናስሪ በ2011 ተሸጡ። ቫን ፐርሲ በ2012 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ተሻግሮ በዓመቱ የሊጉን ዋንጫ ከነሱ ጋር አነሣ። ከ2005 እስከ 2014 ድረስ ዘጠኝ ዓመት አንድም ዋንጫ አልገባም። እነዚያን ዘጠኝ ዓመታት አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም አዋሳ ሆኖ ያሳለፈ ደጋፊ ምን እንደ ከፈለ ያውቃል። በዲኤስቲቪ ቤት አሥርና አሥራ አምስት ብር አዋጥቶ ገብቶ፣ ሌሊት አንገቱን ደፍቶ ወጥቶ፣ ሰኞ ጧት በቢሮው የሣቅ ማሟያ ሆኗል። የዚያ ክፍያ ደረሰኝ የለውም እንጂ፣ እኔ በበኩሌ ከሕንፃው ጡብ ጥቂቶቹን የእኛ ሰዎች እንደ ከፈሉ አድርጌ እቈጥራለሁ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ችግሩን የሰበረው የ2014 የኤፍ ኤ ዋንጫ ነው። በዌምብሌ ሃል ሲቲን ከሁለት ባዶ ተነሥተው በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፉ። ወደዚያ ዋንጫ ሲጓዙ፣ በጃንዋሪ ወር በዚሁ አዲስ ስታዲየም ኮቨንትሪን 4 ለ 0 ባሸነፉበት ቀን፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደ ጌዲዮን ዘላለም የተባለ ወጣት ተቀይሮ ገባ። ያን ጊዜ ገና 17 ዓመት አልሞላውም። የገባው ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ ሜዳውን ሳይ ዓይኔ የፈለገው እሱ የሮጠበትን ወገን ነው።

ከመግባትዎ በፊት ዙሪያውን ይዙሩ። ሐውልቶቹ እዚህ ናቸው፤ ቻፕማን፣ ቶኒ አዳምስ፣ በጕልበቱ የሚንሸራተተው ሄንሪ፣ ኳሱን በአየር ላይ የሚቀበለው ቤርካምፕ፣ በ2023 የቆመው ዋንጫ ወደ ላይ ያነሣ አርሰን ቬንገር። ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሣው ከነዚህ ጋር ነው። እኔን ያቆመኝ ግን የአንድ ልጅ ሐውልት ነው። ኬን ፍራየር ይባላል። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በሃይበሪ ደጅ በመንገድ ላይ ሲጫወት ኳሱ ከአሠልጣኙ ከጆርጅ አሊሰን መኪና ሥር ገባ። ሊያወጣ ሲጎነበስ ያዙት፤ በማግሥቱ ግን በቁጣ ፈንታ ሥራ ሰጡት። ተላላኪ ሆኖ ጀመረና የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን ደረሰ፤ ይህንንም ስታዲየም ካሠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ከድልድዮቹ አንደኛው በስሙ ተጠርቷል። በየቢሮው ፋይል ተሸክመው ለሚመላለሱ ወንድሞቼ ስል ይህን ሐውልት ሁለት ጊዜ ዞርሁት።

ውስጡን ለማየት ቲኬት ቈርጠው፣ የጆሮ ማዳመጫ ተቀብለው በራስዎ እግር ይዞራሉ። የባለቤቶቹ መልበሻ ክፍል ሰፊ ነው፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ለአሠልጣኙ እንዲታዩ በዙሪያው ተቀምጠዋል፤ የሞቀ ውሃ ገንዳም አለው። የእንግዳው ቡድን ክፍል ግን ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቀለል ያለ ነው፤ የአገራችን ደንብ ቢሆን ኖሮ ለእንግዳ የሚለቀቀው የተሻለው አልጋ ነበረ። በመውጫው በኩል ወደ ሜዳው ብቅ ሲሉ ዓይንዎ ይጥበረበራል። ሣሩ 105 በ68 ሜትር ነው፤ በቴሌቪዥን ከሚታየው ያነሰ ይመስላል። መርገጥ ክልክል ነው። ፀሐይ በማይደርስበት በኩል በመንኰራኵር የሚገፉ ታላላቅ መብራቶች አቁመው ሣሩን በኤሌክትሪክ ፀሐይ ያሞቁታል።

ከሣሩ ቀና ብለው መቀመጫዎቹን ይቍጠሩ። ታችና ላይ ያለው የሕዝቡ ነው። በመካከል ግን እንደ ቀበቶ የዞረ ሌላ ክፍል አለ፤ ወደ 7,000 የሚሆን የክለብ መቀመጫና 150 ያህል መስታወት ያላቸው ልዩ ክፍሎች። በዚያ ያለው ሰው ምግቡን በልቶ፣ ወይኑን ጠጥቶ ያያል። የተመልካቹ ጥቂቱ ክፍል ቢሆንም ከገቢው ትልቅ ድርሻ የሚያመጣው እሱ ስለ ሆነ፣ ዕዳው የተቃለለው በዚህ ቀበቶ ነው ለማለት ይቻላል። ብልሃቱን አደንቃለሁ። ነገር ግን የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ቡድን መሆኑን እያሰብሁ ያን መስታወት ስመለከት ደስ አላለኝም፤ ይህን አልደብቅም።

ጨዋታ ለማየት ከፈለጉ ጕዳዩ ሌላ ነው። አባል ካልሆኑ በቀር ቲኬት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ አባልም ሆነው ላይደርስዎ ይችላል። በመንገድ ዳር ከሚያንሾካሹክ ሰው ግን ከቶ አይግዙ። እኔ በጨዋታው ቀን ቲኬት ስላልነበረኝ ከበሩ ውጭ ቆሜ የሕዝቡን አገባብ አየሁ። አያት የልጅ ልጁን እጅ ይዞ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሻርፕ ጠምጥመው፣ ምንም ሳይነጋገሩ ገቡ። ሃይበሪ በድሮ ጊዜ ጸጥ ስለሚል «ቤተ መጻሕፍት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በ2022 ግን በዚያው ሰፈር ያደገ አንድ ዘፋኝ ስለ ሰፈሩ የዘፈነው ዘፈን የደጋፊዎቹ መዝሙር ሆነ፤ ጨዋታው ሊጀምር ሲል የስድሳ ሺህ ሰው ድምፅ ከጣራው በላይ ወጥቶ እስከ ድልድዩ ይሰማል። ቃሉን ባላውቀውም አብሬ አጕረመረምሁ።

ከዚያ በካሌዶኒያን መንገድ ወደ ኪንግስ ክሮስ አቅጣጫ በእግሬ ወረድሁ። በዚያ መንገድ እንጀራ የሚያቀርቡ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ቤቶች አሉ። ከአንደኛው ገብቼ ጥብስ አዘዝሁ። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ያንኑ ጨዋታ ያሳያል፤ አምስት ስድስት ሰዎች ቡና ይዘው አፍጥጠዋል፤ ክርክሩም የአራት ኪሎው ክርክር ነው። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ፣ «ጋሼ፣ ስታዲየሙ እኮ እዚሁ ነው፤ ገብተው አያውቁም ወይ?» አልሁት። በለንደን ከሃያ ዓመት በላይ መቀመጡንና አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ልጁ በልደቱ ቀን ወስዶት፣ መግባቱን ነገረኝ። መቀመጫው ከላይ፣ ከጣራው አጠገብ ነበረ። «ተጫዋቾቹን በደንብ የማያቸው ከዚህ ነው» አለኝና ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ።