የባጃጇ ድምፅና የእኔ ምላስ

ባለፈው ቅዳሜ ሰቆጣ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ አንዱን ልጅ "ሌባ" እያልኩ ስጮህ የሰማችሁ አላችሁ። ለሁላችሁም ቤት ለቤት እየዞርኩ ማስረዳት ስለማልችል እዚህ ልጻፈው። ልጁ ምንም አልሰረቀኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ከስር ልጀምርላችሁ፤ ባጃጅ ያላችሁም ሳትጠቀሙበት አትቀሩም።

ባጃጇን እኔና ታናሽ ወንድሜ ተበድረን ነው የገዛናት። እሱ ይነዳል፣ እኔ አስተምራለሁ፣ ዕዳውን አብረን እንከፍላለን። አንድ ቀን ከቆመች የወሩ ሂሳብ ይናጋል። ከሁለት ወር በፊት ጠዋት ስትነሳ "ሸርርር" ማለት ጀመረች፤ ታይሚንግ ቼኑ ለቋል ተባለ። ዕቃው ሰቆጣ ጠፋ፣ ወልድያም ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ላከልን። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ እስኪደርስ 12 ቀን ፈጀ።

የሠራልን ልጅ ፊዚክስ ያስተማርኩት ነው። ሰንሰለቱን፣ ቴንሽነሩን፣ ሁሉንም በአዲስ ቀየረና "ቲቸር፣ ጥቂት ቀን ትሥራና ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያምጧት፣ ፑንቴሪያውን ደግሜ አያታለሁ" አለኝ። (ፑንቴሪያ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን… ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ።) በደንብ ሄደች። ማታ ወንድሜ "ትንሽ ቲክ ቲክ ትላለች" ሲለኝ ግን አላስቻለኝም። ለዚች ለዚች ምን ልጅ ያስጠብቀኛል ብዬ ሁለት ቪዲዮ አየሁና እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክዳኗን ፈታሁ። ማግኔቱ ላይ ያለው ምልክት እስኪገጥም ሞተሩን በእጄ አዞርኩ፣ ክፍተቱን ለካሁ፣ አጠበቅኩ፣ ዘጋሁ። ኮርቼ ቡና ጠጣሁ።

ሰኞ ስትነሳ የልብስ ስፌት መኪና ሆነች። "ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።" ዳገት ላይ ትለግማለች፤ ሰቆጣ ላይ ደግሞ ዳገት የሌለበት ጉዞ የት አለ? ተሳፋሪው ሁሉ "ምን ሆና ነው?" ይላል።

ታዲያ እኔ "ምርመራ" ጀመርኩ። ድምፁን በስልክ ቀድቼ አዘግይቼ ሰማሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፎር ስትሮክ ሞተር ላይ ታች ያለው ኮሎ 2 ጊዜ ሲዞር ላይ ያለው ካም 1 ጊዜ ይዞራል። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር በማርሚታው "ፑፍ" የሚለውም በ2 ዙር 1 ጊዜ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1300 ያህል ሲዞር ፑፉ 650 ነው፣ በሰከንድ 11 ገደማ፤ በጆሮ አይቆጠርም፣ ሲዘገይ ግን ይቆጠራል። ለ1 ፑፍ 1 "ቀጭ" ከሆነ ነገሩ ከላይ ከካም በኩል ሊሆን ይችላል፤ 2 ከሆነ ወደ ታች ጠርጥሩ። ሁሌ አይሠራም፣ ግን ፍንጭ ይሰጣል። የእኔ 1 ለ 1 ሆነ። እሰይ! ካምን የሚያዞረው ማነው? ሰንሰለቱ። እንግዲያው ልጁ አዲሱን ሸጦ አሮጌውን መልሶብኛል።

እዚህ ላይ ነው የዘለልኩት። ከላይ ያለው ሰንሰለት ብቻ አይደለማ! ቫልቭም አለ፣ ፑንቴሪያም አለ፣ እሁድ የነካካሁት እኔም አለሁ። ደግሞ የላላ ሰንሰለት እንዲህ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም፤ ይንሿሿል፣ በተለይ ጋዝ ስትለቁ ይብሳል። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ጮሆ ዘይት ሲደርሰው ዝም የሚልም አለ። የእኛዋ ቀኑን ሙሉ እኩል ነበር የምትመታው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን ከጮህኩ በኋላ ነው።

ቅዳሜ የሆነውን አይታችኋል። ልጁ አልመለሰልኝም። ከረዳቱ ጋር በኽምጣና ሁለት ቃል ተነጋገረና "ቲቸር፣ ያስገቧት" አለ። ሞተሩን አስነስቶ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ታች፣ ደህና። ቴንሽነሩ ጋ፣ ደህና። ላይ ክዳኑ ጋ ሲደርስ እጀታውን ለእኔ ሰጠኝ። መዶሻ ነው የሚመስለው። ከዚያ አጥፍቶ፣ እስክትቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ሳልጠይቀው ቴንሽነሩን ፈትቶ አሳየኝ፣ ይሠራል። ሰንሰለቱን አሳየኝ፣ አዲስ ነው፣ ያበራል። ቀጥሎ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበትን ቦታ ፈልጎ አቆመና የፑንቴሪያውን ክፍተት በጣቱ አንቀሳቀሰው። ሰፊ ነው።

"ማን ነካው?"

ወንድሜ እኔን አየኝ።

"እኔ" አልኩ።

"ምልክቱን ያገኙት በየትኛው ዙር ነው?"

በየትኛው ዙር! ኮሎው 2 ጊዜ ስለሚዞር ምልክቱም 2 ጊዜ ይመጣል። አንዱ ሁለቱም ቫልቮች ሲዘጉ፤ ሌላው የጭሱ ሊዘጋ፣ የነዳጁ ሊከፈት ሲል፣ ሁለቱም ትንሽ ተነካክተው ሳለ። እኔ በሁለተኛው ነው ያስተካከልኩት። እዚያ ላይ ልክ የነበረው ክፍተት ቫልቮቹ ሙሉ ሲዘጉ ይሰፋል፣ ከዚያ "ቀጭ" ነው። 1 ለ 2ን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

20 ደቂቃ አልፈጀበትም። ስትነሳ ዝም አለች። የፑንቴሪያ ብቻ አስከፈለኝ። ይቅርታ ስለው ቁልፎቹን እየጠራረገ "ችግር የለም ቲቸር። ግን ሰው ፊት ነው ያሉት" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ባጃጆች ቀጠሮ ይዘው እንደቀሩበት ከረዳቱ ሰማሁ።

ስሙን እዚህ አልጠራም፣ እሱም አይወድም። ቅዳሜ እዚያ የነበራችሁ ግን ጋራዡን ታውቁታላችሁ። የቀራችሁት ሁለታችሁ ይህን ካነበባችሁ ነገ በጠዋት ሂዱ፤ እኔም እዚያው እጠብቃችኋለሁ።