ማን ይጠብቅ? በነቀምቴ ስለ ተዋሐዱ ስዊቾች ሥልጠና

በነቀምቴ አውራ መንገዶች ይገናኛሉ፤ ወደ አዲስ አበባ፣ በጊምቢ በኩል ወደ አሶሳ፣ ወደ በደሌ፣ እንዲሁም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ። የተዋሐደ የመረጃ ማዕከል ስዊችን ለኔትወርክ መሐንዲሶች ሳስተምር ከዚህ መስቀለኛ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ቀድሞ በመረጃ ማዕከላት ሁለት ኔትወርኮች ጎን ለጎን ይዘረጉ ነበር፤ ለተጠቃሚዎች ግንኙነት ኤተርኔት፣ ለመረጃ ማከማቻ ፋይበር ቻናል። ጠባያቸው የተለያየ ነው። ኤተርኔት ሲጨናነቅ ፍሬም ይጥላል፤ በፋይበር ቻናል ግን ተቀባዩ ቦታ እንዳለው ሳያሳውቅ ላኪው አይልክም። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው ደረጃ ፋይበር ቻናልን በኤተርኔት ላይ ሲጭነው፣ መጣል የለመደው መንገድ ለማከማቻው የማይጥል መሆን ነበረበት።

የሥልጠናው ችግርም የሚጀምረው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለው ስዊች ውድ ነው፤ ብዙዎች የሚለማመዱበት ፓኬት ትሬሰርም ይህን አሠራር አያሳይም። ስለዚህ ትዕዛዞችን በቃል ማስጠናት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። እኔ ግን ምክንያቱን በተራ ስዊች ማስተማር ይቻላል ባይ ነኝ።

የማቆሚያ ፍሬም መላክና መቀበል የሚችል ተራ ስዊች እንወስዳለን። በ1 ጊጋቢት ወደብ የገባው ትራፊክ በ100 ሜጋቢት ወደብ እንዲወጣ እናደርጋለን። ማቆሚያው ሲጠፋ የተጣሉ ፍሬሞች ቁጥር ይጨምራል። ሲበራ መጣሉ ይቀራል፤ ነገር ግን ከዚያው ላኪ ወደ ሌላ ባዶ ወደብ የሚሄደውም ትራፊክ አብሮ ይቆማል። ያን ጊዜ እጠይቃለሁ፦ አዲስ አበባ ያለው መጋዘን ስለሞላ የጊምቢ ቡና የጫነው መኪና ነቀምቴ ላይ ቢቆም፣ ከኋላው ያለው የበደሌ አውቶቡስ ለምን ይቆማል?

መልሱ የ802.1 ኪው-ቢ-ቢ ደረጃ ነው፦ ትራፊኩን በስምንት የቅድሚያ ደረጃዎች ከፍሎ አንዱን ብቻ ማቆም። ለማከማቻው ዘወትር 3ኛው ቁጥር ይሰጠዋል። ቀጥሎ ሠልጣኞቹ በወረቀት ያሰላሉ፤ የፋይበር ቻናል ፍሬም እስከ 2,112 ባይት መረጃ ሲይዝ የተለመደው ኤተርኔት 1,500 ብቻ ይይዛልና፣ የፍሬሙ መጠን ገደብ ለምን ከፍ እንደሚል ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል።

ይህ ልምምድ እውነተኛውን መሣሪያ አይተካም። አስተናጋጁ ወደ ፋይበር ቻናሉ የሚገባበት ሂደትና የዞን አከፋፈል በመሣሪያው ላይ መታየት አለባቸው። ሆኖም ከሻምቡ ወይም ከደምቢ ዶሎ የመጣ ሠልጣኝ ነገ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቸኛው መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። ነቀምቴ እንኳ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሰርቨሩ ዲስክ በሌሊት ከሥራ ሲወጣ በቃል የተጠና ትዕዛዝ የት እንደሚፈለግ አይጠቁመውም፤ ምን ስለምን እንደቆመ ማወቁ ግን ይጠቁመዋል።

ስለዚህ በፈተና የምጠይቀው ትዕዛዙን አይደለም። ሠልጣኙ እያንዳንዱን መስመር ከማስገባቱ በፊት ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚጣል በጽሑፍ ይተነብያል። ትንበያው ከቆጣሪው ጋር ሲገጥም፣ ስዊቹን ማዋቀር ተምሯል እላለሁ።